ምጣዱ በአንድ ጎኑ ብቻ ሲግል

ባለፈው ጊዜ "ስለ ሜታል፣ ስለዚያ ከባድና ጩኸታም የሮክ ሙዚቃ፣ የምትጠይቁት ካለ ላኩልኝ" ብዬ ስጽፍ ሦስት ሰው ከጻፈልኝ ብዙ ነው ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ። ለካ በየሰፈሩ ኢርፎኑን ሰክቶ ብቻውን የሚሰማው ሰው ብዙ ነው። ከጥያቄዎቹ አብዛኞቹ ደግሞ አንድ ባንድ ላይ አረፉ፣ የስዊድኖቹ አርች ኢነሚ ላይ። ስለዚህ ዛሬ ሌላውን ሁሉ ትቼ እነሱ ላይ እቆያለሁ። ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ የአልበም ዓመት ወደ እኛ ስቀይር ሁሌ ስለምሳሳት።

ጥያቄ፦ ሜታል መስማት ከጀመርኩ ሁለት ዓመቴ ነው። ጀለሴ የአርች ኢነሚን "ዊል ቱ ፓወር" ጫነልኝ። የመጀመሪያዎቹን አራት አምስት ዘፈኖች በጣም ወደድኳቸው፣ ከዚያ በኋላ ግን ስልኬን መነካካት እጀምራለሁ። አሥር ጊዜ ሞክሬያለሁ፣ አሥሩንም ጊዜ እዚያው ቦታ ላይ ነው ቀልቤ የሚጠፋው። ጀለሴ "ዘፋኟ ናት ያበላሸችው፣ ክሊን፣ በተለመደው ንጹሕ ድምፅ፣ መዝፈን አማራት" ይላል። ሌላው ጓደኛችን ደግሞ "መጀመሪያውኑ ሴት ግራውል፣ ያን ማጉረምረም፣ አትችልም" ይላል። እኔ ግን ድምጿን ወድጄዋለሁ። ችግሩ አልበሙ ነው፣ ዘፋኟ ናት ወይስ የእኔ ጆሮ? (ከጀሞ፣ አዲስ አበባ)

መልስ፦ ጆሮህ ደህና ነው። ዘፋኟም ደህና ናት። አልበሙ ግን ምጣዱ በአንድ ጎኑ ብቻ ግሎ የወጣ እንጀራ ነው፣ በዚህ በኩል ዓይኑ ግጥም ብሎ ወጥቶ በዚያ በኩል ልሙጥ። እንዲህ ዓይነት እንጀራ ሲወጣ ሊጡን አትረግምም፣ ጎንበስ ብለህ እሳቱን ነው የምታየው።

ላልሰሙት አንባቢዎች ትንሽ ላስረዳ። "ዊል ቱ ፓወር" በሴፕቴምበር 2017 የወጣ አልበም ነው። 12 ትራክ አለው፤ ሁለቱ ቃል የሌላቸው አጫጭር መሸጋገሪያዎች ስለሆኑ ዘፈን የሚባለው 10 ነው። ርዝመቱ 50 ደቂቃ አካባቢ። በአልበሙ ላይ የምትዘፍነው አሊሳ ዋይት-ግለዝ ትባላለች፣ ካናዳዊት፣ የሞንትሪያል ልጅ። ባንዱን የተቀላቀለችው በ2014 ነው፣ ይህ ደግሞ ከእነሱ ጋር የሠራችው ሁለተኛ አልበም ነው። ሙዚቃውን በአብዛኛው የሚደርሰው ግን የባንዱ መሥራች፣ ጊታሪስቱ ሚካኤል አሞት ነው። ይቺን ያዝልኝ።

እነሱ በሚጫወቱት ሜሎዲክ ዴዝ ሜታል፣ ዜማ በበዛበት የሜታል ዓይነት፣ ውስጥ የሥራ ክፍፍሉ እኛ ከለመድነው ተገልብጧል። እኛ ጋ ዜማውን የሚይዘው ዘፋኙ ነው፣ መሣሪያው ያጅባል። እዚህ ግን የሚዘፍነው ጊታሩ ነው። ግራውል የሚባለው ያ ከሆድ የሚወጣ የሚመስል ማጉረምረም ኖታ የለውም ማለት ይቻላል፣ እንደ ዘፈን ድምፅ ከፍና ዝቅ እያለ ዜማ አያወጣም። ሥራው ከድራሙ ጋር ሆኖ መምታት ነው። "ዘ ወርልድ ኢዝ ዩርስ" ላይ አሊሳ ቃላቱን እንዴት እንደምትቆርጣቸው ስማ፣ ቃሉ ሁሉ ምቱ ላይ የተቸነከረ ይመስላል። እንግዲህ የጊታሩ ዜማ ሲያምር "ወይ ድምፅ!" እንላለን። የጊታሩ ዜማ ሲደርቅ ደግሞ "ዘፋኟ አሰለቸችኝ" እንላለን። እሷ ግን በሁለቱም ጊዜ ያንኑ ሥራ ነው የምትሠራው፣ ምስጋናውም ወቀሳውም የሚላከው ወደ ተሳሳተ አድራሻ ነው።

ቀላል መፈተኛ አለኝ። ዘፈኑ ካለቀ ከአምስት ደቂቃ በኋላ፣ ሻይ እያፈላህም ይሁን የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆመህ፣ ጊታሩን በአፍህ ለማንጎራጎር ሞክር። "ዘ ኢግል ፍላይስ አሎን"ን ታንጎራጉረዋለህ፣ ሳታስበውም ይመጣል። "ፈርስት ዴይ ኢን ሄል"ን ሞክር እስቲ። እኔ ስሞክር የሚወጣልኝ "ጁን ጁን ጁን" ብቻ ነው። ክብደት አለው፣ ደረትህን ይመታል፣ ግን የምትይዘው ክር የለም።

አሁን አልበሙን ከላይ እስከ ታች እንሂድበት። መግቢያው አጭር ነው፣ እለፈው። "ዘ ሬስ" ፈጣንና ቁርጥ ያለ ነው፣ ሳትሰለች ያልቃል። "ብለድ ኢን ዘ ዋተር" ላይ ሪፉ፣ ማለትም የሚደጋገመው የጊታር ሐረግ፣ ጥሩ ነው፣ አዝማቹ መካከለኛ። ከዚያ "ዘ ወርልድ ኢዝ ዩርስ" ይመጣል፣ ለእኔ የአልበሙ ምርጥ ፈጣን ዘፈን እሱ ነው። ቀጥሎ "ዘ ኢግል ፍላይስ አሎን" ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ግን እሳቱ አይጠፋም። እዚህ ጋ አንድ ነገር ልብ በል፦ ብዙ ሰው "አልበሙ መሃሉ ላይ ዘገየ፣ ለዚህ ነው የሚደብረው" ይላል። ዘገምተኛነቱ ቢሆን ችግሩ ይህ ዘፈን ራሱ መደበር ነበረበት። አይደብርም፣ ምክንያቱም ዜማ አለው።

ስድስተኛው ላይ ያ ጀለስህ የሚረግመው "ሪዝን ቱ ቢሊቭ" ይመጣል። አሊሳ ስንኙን በተለመደው ድምፅ፣ ዝቅ አድርጋ ትዘፍናለች፤ አዝማቹ ላይ ወደ ግራውል ትዞራለች። ይህ ለእሷ አዲስ ነገር አይደለም፣ ቀድሞ በነበረችበት "ዘ አጎኒስት" በሚባለው የሞንትሪያል ባንድ ውስጥ ሁለቱንም ስትዘፍን ነው የኖረችው። ለአርች ኢነሚ ግን አዲስ ነበር። በ2003 በወጣው "አንተምስ ኦፍ ሪበልየን" ላይ ክሊን ድምፅ ትንሽ ብቅ ብሎ ነበር፣ እሱም የጊታሪስቱ የክሪስቶፈር አሞት ድምፅ ሲሆን ከኋላ ሆኖ ነው የሚሰማው። ዋናዋ ዘፋኝ ፊት ለፊት ቆማ ስትዘፍን ሰው ደነገጠ። በእኔ እምነት ዘፈኑ መጥፎ አይደለም። ድክመቱ ድምጿ ላይ ሳይሆን ቦታው ላይ ነው። ከአራት ትኩስ ዘፈኖች በኋላ ምድጃውን አቀዘቀዘው፣ ቀጥሎ የመጣው "መርደር ሲን" ደግሞ መልሶ የሚያነድ ዘፈን አልሆነም። ከዚያ "ፈርስት ዴይ ኢን ሄል"። ከዚያ የአንድ ደቂቃ መሸጋገሪያ። አንተ ስልክህን የምታወጣው እዚህ ጋ ነው፣ እኔም እንደዚያው።

የሚያናድደው ደግሞ ይህ ነው፦ ስልክህ ላይ ስታተኩር "ድሪምስ ኦፍ ሬትሪቢውሽን" ያመልጥሃል። አሥረኛው ትራክ፣ ከ6 ደቂቃ በላይ ይሄዳል፣ የጊታር ዜማው እየተቀባበለ ነው የሚወጣው። እኔ ይህን ዘፈን ያገኘሁት አልበሙን ከሰማሁ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው፣ ያውም በአጋጣሚ። እጄ ሊጥ በሊጥ ሆኖ ስልኩን መንካት አቃተኝና ሳላሳልፍ ሰማሁት። ሁለት ጊዜ አስደገመኝ። ከእሱ በኋላ "ማይ ሻዶው ኤንድ አይ" የቦታ መሙያ ነው። መዝጊያው "ኤ ፋይት አይ መስት ዊን" ግን ቫዮሊን መሰል ክሮች የገቡበት፣ ረዥም፣ ደህና አድርጎ የሚዘጋ ነው።

ስለ ጊታሪስቶቹም አንድ ነገር ልበል። በዚህ አልበም ላይ ሁለተኛው ጊታሪስት ጄፍ ሉሚስ ነው፣ በሲያትሉ ባንድ በ"ኔቨርሞር" ውስጥ የነበረው፣ ጣቱ የማይታመን ሰው። በዚህ ባንድ ግን ሶሎ ነው የተጫወተው፣ ዘፈን አልጻፈም። በድሮዎቹ አልበሞች ላይ ሚካኤል ከወንድሙ ከክሪስቶፈር ጋር ይሠራ ነበር፣ ክሪስቶፈር በ2012 ወጣ። ቤት ውስጥ "ይቺ ዜማ አልጣመችኝም" የሚል ወንድም ሲጠፋ እንዲህ ይሆናል ብዬ አስባለሁ። ይህ የእኔ ግምት ነው እንግዲህ፣ ማስረጃ አምጣ ብትለኝ የለኝም።

ሴት ግራውል አትችልም ለሚለው ጓደኛችሁ ሳቢና ክላሰንን አሰሙት። የጀርመኑን "ሆሊ ሞሰስ" የተቀላቀለችው በ1981 ነው፣ እሱ ሳይወለድ።

ለአንተ ደግሞ ቅደም ተከተሉን ቀይረህ ስማው፦ 4፣ 5፣ 10፣ 2፣ 12። "ሪዝን ቱ ቢሊቭ"ን ለብቻው አስቀምጠውና ማታ መብራት አጥፍተህ ክፈተው። በስልክ ስፒከር ደግሞ አትስማ፣ ጊታሮቹ ከተለመደው ሁለት ሙሉ ቶን ወርደው ነው የተቃኙት፣ ስልክ ስፒከር ላይ ግማሹ ድምፅ የለም።

ጥያቄ፦ አንጄላ ወይስ አሊሳ? በአንድ ቃል። (ከድሬዳዋ)

መልስ፦ በአንድ ቃል አልችልም፣ ይቅርታ አድርግልኝ።

አንጄላ ጎሶው የኮሎኝ ልጅ ናት፣ ጀርመናዊት። ስለ ሙዚቃ ትጽፍ ነበር። ከባንዱ ጊታሪስቶች አንዱን ቃለ መጠይቅ አድርጋለት ስታበቃ የራሷን ዴሞ፣ የሙከራ ቅጂ፣ ሰጠችው። ስንት ጋዜጠኛ ነው እንዲህ የሚደፍረው? የባንዱ የመጀመሪያ ዘፋኝ ዮሃን ሊቫ በ2000 ሲወጣ አስታወሷትና አስመጧት። "ዌጅስ ኦፍ ሲን" በ2001 መጀመሪያ ጃፓን ውስጥ ወጣ፣ አውሮፓ የደረሰው በቀጣዩ ዓመት ነው። ሽፋኑን ሳያይ አልበሙን የሰማ ሰው ሴት ናት ብሎ አይጠረጥርም፣ እኔም አልጠረጠርኩም። እስከ 2014 ዘፍና ማይኩን ለአሊሳ አስረክባ የባንዱ ማናጀር ሆነች።

አንጄላ ቁጣዋ ይበልጣል፣ አሊሳ ስፋቷ። አንጄላ አንድ ቢላዋ ይዛ የምትመጣ ሰው ናት፣ ቢላዋው ግን ስለታም ነው። አሊሳ ጓዳውን ሙሉ ይዛ ነው የምትመጣው፣ አንዳንዴ ሁሉንም ካላወጣሁ ትላለች። አንዷን ምረጥ ካልከኝ አልበም ልምረጥልህ፦ "ዌጅስ ኦፍ ሲን"። ከላይ እስከ ታች እኩል የበሰለ ነው።

ግን ተጠንቀቅ፣ ይህን ይዘህ "አየህ፣ አንጄላ በነበረች ጊዜ አልበሞቹ እኩል ነበሩ" እንዳትል። በ2005 የወጣውን "ዱምስዴይ ማሽን" ውሰድ። በመሣሪያ መግቢያ ይጀምራል፣ ከዚያ "ቴኪንግ ባክ ማይ ሶል"፣ "ኔመሲስ"፣ "ማይ አፖካሊፕስ" ተከታትለው ይወርዱብሃል፣ ሦስቱም እሳት። ከዚያ? ከዚያ ቀስ እያለ ይበርዳል። መግቢያ፣ እሳት፣ መብረድ፣ ልክ ያው የ2017ቱ ቅርጽ፣ ያውም በሌላ ዘፋኝና ከ12 ዓመት በፊት። በሁለቱም አልበሞች ጊታር የያዘው ግን አንድ ሰው ነው። ከላይ ያስያዝኳችሁን አሁን መልሱልኝ።

ጥያቄ፦ የተወለድኩት አዲስ አበባ ነው፣ ያደግሁት ጎተንበርግ። እዚህ ትምህርት ቤት ሁለት ልጅ ተገናኝቶ ባንድ ካላቋቋመ አይሆንለትም። አክስቴ "ይህ ሁሉ ጩኸት ከዚህ ጸጥ ካለ ሕዝብ ውስጥ እንዴት ወጣ?" ትለኛለች። ምን ልመልስላት? (ከስዊድን)

መልስ፦ አክስትሽ ጥሩ ጠያቂ ናት፣ ሰላም በይልኝ።

ጎተንበርግ ለዚህ ሙዚቃ መዲናው ናት። በ1990ዎቹ አጋማሽ ሦስት ባንዶች ከዚያው አካባቢ ወጡ፦ "አት ዘ ጌትስ"፣ "ዳርክ ትራንኩዊሊቲ" እና "ኢን ፍሌምስ"። በ1995 "ስሎተር ኦፍ ዘ ሶል" እና "ዘ ጋለሪ"፣ በ1996 ደግሞ "ዘ ጄስተር ሬስ" የተባሉ አልበሞቻቸው ወጡ። አብዛኛው የተቀዳው ፍሬድሪክ ኖርድስትሮም በሚባል ሰው ስቱዲዮ ነው፣ ስቱዲዮ ፍሬድማን። ያ ሁሉ ባንድ አንድ ድምፅ ያለው የሚመስለን አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ አንድ ክፍል፣ አንድ ባለሙያ።

አርች ኢነሚ በትክክል የጎተንበርግ ልጆች አይደሉም። የተነሱት ከሃልምስታድ ነው፣ ወደ ደቡብ በባቡር ከአንድ ሰዓት ትንሽ የሚበልጥ፣ የባሕር ዳርቻ ከተማ። ሚካኤል አሞት ቀድሞ በእንግሊዞቹ "ካርካስ" ውስጥ ነበር፣ በ1993 የወጣው "ኸርትወርክ" ላይ ጊታር የተጫወተው እሱ ነው። ብዙ ሰው ይህን የሙዚቃ ዓይነት ከእነዚያ የስዊድን አልበሞች ጋር የሚያያይዘውን ያህል ከዚህ አልበምም ጋር ያያይዘዋል። ዝምድናው ደግሞ የቤተሰብ ነው፣ የአርች ኢነሚው ድራመር ዳንኤል ኤርላንድሶን "ስሎተር ኦፍ ዘ ሶል" ላይ ድራም የመታው የአድሪያን ኤርላንድሶን ወንድም ነው። ትንሽ ሰፈር ናት።

ለአክስትሽ ጥያቄ ግን የእኔ መልስ ስለ ጸጥታ አይደለም። ስዊድን ውስጥ የማዘጋጃ ቤት የሙዚቃ ትምህርት ቤቶች አሉ፣ ልጅ በትንሽ ክፍያ መሣሪያ ይማራል። የጥናት ማኅበራት የሚባሉት ደግሞ ለወጣት ባንዶች መለማመጃ ክፍል በማመቻቸት ይረዳሉ። ውጪው ጨለማና ብርድ ነው፣ ክፍሉ ውስጥ ሙቀትና ድራም አለ። እና ምን ይሥሩ?

አንድ ነገር ደግሞ አሰሚያት። እነዚህ ባንዶች ሁለት ጊታር ይዘው አንዱ ዜማውን ሲጫወት ሌላው ያንኑ ዜማ ሦስተኛው ኖታ ላይ ከፍ አድርጎ ይከተለዋል። ከእንግሊዞቹ ባንድ ከ"አይረን ሜይደን" የተማሩት ነው። በእኛ በደጋው ባሕላዊ ሙዚቃ ክራሩም ማሲንቆውም ያንኑ አንድ ዜማ ነው የሚከተሉት፣ እንዲህ ያለ ድርብ አካሄድ አልተለመደም። ቅኝቱም ባለ አምስት ኖታ ነው፣ የእነሱ ሰባት። አክስትሽ ትዝታ ወይም አምባሰል ያሳደገው ጆሮ ካላት "ሁለት ሰው ተደራርቦ የሚያለቅስ ይመስላል" ሳትልሽ አትቀርም። እኔ ያሰማኋት አንዲት ጎረቤቴ ቃል በቃል እንዲህ ብላኛለች።

ጥያቄ፦ 19 ዓመቴ ነው። እንደ አሊሳ ግራውል ማድረግ እፈልጋለሁ። ባለፈው ቤት ሰው በሌለበት ሰዓት አንድ ሙሉ ዘፈን አብሬያት ጮህኩ። ሦስት ቀን ድምፄ ጠፋ። እናቴ ጉንፋን መስሏት ዳማከሴ ስታሸተኝ ሰነበተች። አልተፈጠርኩበትም ማለት ነው? (ከሃዋሳ)

መልስ፦ እህቴ፣ ስለ ዳማከሴው ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ፣ ይቅርታ። ተፈጥረሽበት እንደሁ አልተፈጠርሽበት ገና አልታወቀም፣ ምክንያቱም ያደረግሽው ግራውል አይደለም። ጩኸት ነው። ሁለቱ አንድ አይደሉም።

ጉሮሮሽ ውስጥ ሁለት ጥንድ እጥፋቶች አሉ። የታችኞቹ እውነተኛዎቹ የድምፅ አውታሮች ናቸው፣ ስናወራም ስንዘፍንም የሚርገበገቡት እነሱ። ከእነሱ በላይ ደግሞ ሐሰተኛ የሚባሉ እጥፋቶች አሉ፣ ወፈር ያሉ፣ በተለምዶው ንግግር ላይ ሥራ የማይበዛባቸው። በግራውል ጊዜ ያ ሻካራ ድምፅ በአብዛኛው የሚመጣው ከእነዚህ ከላይኞቹ ነው። አንቺ ግን ድምፁ እንዲሻክር ብለሽ የታችኞቹን አጥብቀሽ አፋተግሻቸው። አብጠዋል፣ በቃ። ለዚህ ነው ድምፅሽ የጠፋው።

ሰው የማያምነው ነገር ልንገርሽ፤ ጎበዝ ግራውል የሚያደርግ ሰው ክፍል ውስጥ አጠገብሽ ቢቆም የምትጠብቂውን ያህል አይጮኽም። ትልቅ የሚያደርገው ማይኩ ነው። ማይኩን ከንፈራቸው ላይ ለጥፈው የሚይዙትም ለዚህ ነው። ኃይሉ ከሆድ የሚመጣ የትንፋሽ ቁጥጥር ነው፣ ጉሮሮ የሚያጠብቅ ሰው ተሳስቷል።

ስለዚህ ሙሉ ዘፈን ተዪ። መጀመሪያ ትንፋሽ፦ በጀርባሽ ተኝተሽ ሆድሽ ላይ መጽሐፍ አስቀምጪና "ስስስስ" እያልሽ ቀስ ብለሽ አውጪው፣ መጽሐፉ በእርጋታ ሲወርድ ታያለሽ። ከዚያ ሸክም የበዛበት ሰው ሲቀመጥ እንደሚያወጣው ያለ "እእህ" ከሚል ማቃሰት ጀምሪ፣ በዝቅተኛ ድምፅ፣ ለአምስት ደቂቃ። ከቆጠቆጠሽ ወይም ካሳከከሽ ያኔውኑ አቁሚ፤ "ትንሽ ልታገሥ" የሚባል ነገር እዚህ የለም። ውኃ ቀደም ብለሽ ጠጪ፣ የምንጠጣው ውኃ የድምፅ አውታሮቹን በቀጥታ አይነካቸውም፣ በሌላ ቱቦ ነው የሚወርደው። የሚጠቅመው ሰውነትሽ ቀድሞ ሲረጥብ ነው። ድምፅሽ ከ3 ሳምንት በላይ ሻክሮ ከቆየ ግን ዳማከሴውን ትተሽ የአንገት በላይ ሐኪም ዘንድ ሂጂ።

ደግሞ ዘፋኝ ሁሉ በራሱ የተማረ መስሎሽ እንዳትቀኚ። አንጄላ ጎሶው እንኳ መምህር ይዛለች፣ ኒውዮርክ ያለችውን ሜሊሳ ክሮስን። ይህችው ሴትዮ በ2005 ለሜታል ዘፋኞች ማስተማሪያ ዲቪዲ አውጥታለች፣ ሥራዋ ሰው ጉሮሮውን ሳያበላሽ እንዲጮኽ ማስተማር ነው። እንጀራዋ እሱ ነው።

ለእናትሽ ግን እውነቱን ንገሪያት።

ጥያቄ፦ ሌላ ሴት የምትዘፍንበት ባንድ ጠቁመኝ፣ አርች ኢነሚ ሰለቸኝ። (ስም ያልጻፈ)

መልስ፦ የዩክሬኖቹን "ጂንጀር" ስማ። ታቲያና ሽማይሉክ በአንድ ስንኝ ውስጥ ከለስላሳ ዘፈን ወደ ግራውል የምትገባበትን ቦታ ፈልገህ ካገኘኸው ጻፍልኝ፣ እኔ እስካሁን በሩን አላየሁትም። ሜሎዲክ ዴዝ ሜታል አይደሉም፣ አትውቀሰኝ።

ጥያቄ፦ የ61 ዓመት ሰው ነኝ። ልጄ ከሚኒሶታ ለዕረፍት መጥታ ሳሎን ውስጥ ይህን ነገር ከፈተችው። መጀመሪያ ቴሌቪዥኑ የተበላሸ መስሎኝ ነበር። የምትጮኸው ሴት ናት ስትለኝ ደግሞ ይበልጥ ደነገጥኩ። የሰፈር ሰዎች የሰይጣን አምልኮ ነው ይሉኛል። ልጄ ጨዋ ናት፣ ቤተክርስቲያን ትሄዳለች። ልስጋ ወይስ ልተወው? (ከደሴ)

መልስ፦ ጋሼ፣ በመጻፍዎ ደስ ብሎኛል። ልጅዎ ሳሎን ውስጥ መክፈቷን እንደ መልካም ነገር ይዩት፣ አብዛኛው ሰው ይህን ሙዚቃ ከአባቱ ደብቆ ነው የሚሰማው።

የአርች ኢነሚ ግጥሞች የሰይጣን አምልኮ አይደሉም። አብዛኞቹ ስለ ነፃነት፣ ስለ እምቢተኝነት፣ ወድቆ ስለ መነሳት ናቸው። ግን ልደብቅዎ አልፈልግም፣ ሃይማኖትን በግልጽ የሚቃወም ዘፈንም አላቸው፣ በ2011 አልበማቸው ላይ "ኖ ጎድስ፣ ኖ ማስተርስ" የሚል አለ፣ ርዕሱ "አምላክም ጌታም የለም" ማለት ነው። እርስዎ ይህን ቢሰሙ ደስ አይልዎትም፣ መሆንም የለበትም። ልጅዎ ጨዋ ናት ብለውኛል። ስለ ቃሉ ምን እንደምታስብ በሰላም ይጠይቋት፣ ምናልባት እሷም ያንን ዘፈን ታልፈው ይሆናል።

ስለ ጩኸቱ ግን እርስዎ ከእኔ ይልቅ ያውቁታል። በወጣትነትዎ ሠርግ ላይ ሽለላና ፉከራ አይተው የለ? ሰውየው ዓይኑን አፍጥጦ፣ ጎራዴውን እየነቀነቀ፣ ድምፁን አጎርንኖ "ዘራፍ!" ሲል ሕፃናት ያለቅሳሉ። ጨርሶ ቁጭ ሲል ያንኑ ጠላ ይጠጣል፣ ያንኑ ሳቅ ይስቃል። ይህችም ዘፋኝ ከመድረክ ስትወርድ እንደዚያው ናት።

ከልጅዎ ጋር ይቀመጡና አንዲት ዘፈን ትምረጥልዎት። "ዘ ኢግል ፍላይስ አሎን"ን ክፈቺልኝ ይበሏት፣ ስሙን ከእርስዎ አፍ ስትሰማ ፊቷን ይዩልኝ። ሴትየዋን ለጊዜው ይተዉና ጊታሩን ብቻ ይከተሉ። ሪሞቱን ግን እርስዎ ይያዙት፣ በእሷ እጅ ከሆነ ጎረቤት ለቅሶ መስሎት ይሰበሰባል።